ዛፍ ላይ የታየው አምሳሉ

ትርንጎ ባሏን ዛፍ ላይ ያየችው ጉዞው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። በዚያን ሰዓት ባሏ አጠገቧ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር።

መርከቧ ትንሽ ናት። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ዳሩን እየታከከች፣ ጫካው ባሕሩን በሚነካበት ቦታ ሁሉ እየቆመች፣ አራዊትና አዕዋፍ ማየት የሚወዱ ሰዎችን ታዞራለች። ጠዋት ጠዋት አስጎብኚው ሊሳንድሮ ባለሦስት እግሩን ቴሌስኮፕ ሰገነቱ ላይ ይተክልና ያገኘውን ያሳያል። መንገደኞቹ ተሰልፈው በየተራ ዓይናቸውን ያስጠጋሉ፣ ትንሽ ይደነቃሉ፣ ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቃሉ። በመጀመሪያው ቀን በቀቀን አሳየ። በሁለተኛው ቀን ስሎዝ የሚባለውን፣ ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለውን ዘገምተኛ እንስሳ አሳየ። በሦስተኛው ቀን አምሳሉን አሳየ።

ትርንጎ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ ብዙ ቆየች። ሰውየው ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ እግሩን እያወዛወዘ፣ ከዛፉ ጫፍ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ሆስፒታል የሚሰጠውን ሰማያዊ ፒጃማ ለብሷል፤ ጉልበቱ ላይ ተቀድዷል። ስሙን የማታውቀው ፍሬ እየላጠ ይበላል። የሚልጠው በሁለት እጁ ነው።

"ይቅርታ" አለችው ሊሳንድሮን። "ያ ሰውዬ ባለቤቴ ነው።"

ሊሳንድሮ አንዴ አምሳሉን፣ አንዴ ቴሌስኮፑን አየ።

"አዎ፣ እሱ ነው" አለ። "እዚህ ከመጣ ሁለት ዝናብ አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ዳር ይወጣል። ሰው አይተናኮልም።"

"እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል?"

"ብርቅ ነው። አምና አንድ መንገደኛ አጎቴን አየሁ ብሎ ነበር፤ ጭጋግ ስለነበረ ግን አላረጋገጥንም።"

ትርንጎ ቦታውን ለአምሳሉ ለቀቀችለት። አምሳሉ የሻይ ብርጭቆውን ለእሷ ሰጥቶ፣ ደህናውን እጁን ጉልበቱ ላይ ተደግፎ ጎንበስ አለና ተመለከተ።

"ከስቷል" አለ። ትንሽ ቆይቶም "ፀጉሩ ግን አልሸበተም" አለ። ከዚያ ሻዩን ተቀብሎ መጠጣቱን ቀጠለ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ባልና ሚስት ወደ ቴሌስኮፑ ቀረቡ።

የሐዋሳ ሰዎች ናቸው። ትርንጎ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ አምሳሉ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ገጠር ለገጠር ሲዞር የሰበሰበው ጨዋታ አያልቅበትም ነበርና ቤታቸው ሰው አይጠፋውም፤ ገብቶ ሳይስቅ የወጣ እንግዳም የለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ደም ግፊቱ ተነሥቶ ግራ ጎኑን መታው። ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ። እግሩ እየጎተተም ቢሆን መሄድ ጀመረ፤ እጁ ግን እንደ ዛለ ቀረ። ትርንጎ ከሆስፒታል ይዛው ስትወጣ አንድ ነገር የረሳች መስሏት በሩ ላይ ቆማ ዕቃዋን ፈታትሻለች። ሁሉም ነገር ነበረ፤ ፒጃማው ብቻ አልነበረም። እሱን ደግሞ የሆስፒታሉ ንብረት ነው ብላ ተወችው።

ከዚያ ወዲህ አምሳሉ ዝምተኛ ሆነ። የሚሉትን ይሰማል፣ "እሺ" ይላል፣ ጨው የሌለው ምግቡን ይበላል፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ያያል። እንግዳውም ቀስ በቀስ እግሩን ሰበሰበ። ትርንጎ ለማንም አላማረረችም። አንድ ቀን ብቻ ለልጃቸው ለሐመልማል በስልክ "አባትሽ እዚሁ አለ፤ ግን ናፈቀኝ" ብላታለች። ናይሮቢ ሆና አየር መንገድ የምትሠራው ሐመልማል ይህን ጉዞ ያዘጋጀችላቸው ያን ቃል ከሰማች በኋላ ነው። አምሳሉ ሲነገረው "ጦጣ ለማየት ነው? ጦጣማ እዚሁ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ሞልቶ የለ" አለ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ከአፉ የወጣ ረጅም ንግግር እሱ ስለነበረ ትርንጎ እንደ እሺታ ቆጠረችለት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መንገደኞቹ በጎማ ጀልባ ወደ ጫካው ጥግ ወጡ። አምሳሉ እግሩ ለጀልባ አይመችም ብሎ ቀረ። ሊሳንድሮ ከመነሣታቸው በፊት እንደ ሁልጊዜው ደንቡን ተናገረ፤ ምግብ አይሰጥም፣ እጅ አይዘረጋም፣ እንስሳው ራሱ ካልቀረበ አይቀረብም። ትርንጎ ከፊት ተቀመጠች።

ከትልቁ ዛፍ ሥር ሲደርሱ ሊሳንድሮ ሞተሩን አጠፋ። ሰውየው ፍሬውን ጨርሶ እጁን በቅጠል እየጠረገ ነበር።

"ትርንጎ፣ ደህና ዋልሽ" አለ ከላይ።

"ደህና ዋሉ" አለች ትርንጎ።

ዕድሜዋን ሙሉ አምሳሉን አንተ ስትል ኖራለች። ነገር ግን ባሏ መርከብ ላይ ተቀምጦ እየጠበቃት ሌላ ወንድ አንተ ማለት ነውር መሰላት።

"ምነው አንቱ አልሽኝ?" አለ ሰውየው። "ከፍ ከፍ ስላልኩ የተሾምኩ መሰለሽ?"

ትርንጎ ሳታስበው ፈገግ አለች። "እዚህ እንዴት መጣህ?"

"ሐኪሙ መጣና 'አቶ አምሳሉ፣ ከእንግዲህ ረጋ ብለው መተኛት ነው የሚያዋጣዎት' አለ። ያኛው አምሳሉ ተኛ። እኔ ተነሣሁ።"

"በየት ወጣህ?"

"በበሩ ነዋ። ዘበኛው እንኳን 'እግዜር ይማርዎት' ብሎ ነው የሸኘኝ።"

"ታዲያ ቤት አትመጣም ነበር?"

"ቤትማ እሱን ይዘሽ ገባሽ። አንድ አልጋ ላይ ሁለት አምሳሉ ቢገኝ ሰው ምን ይላል?"

ትርንጎ ነገሩን አሰበችውና ልክ ሆኖ አገኘችው። ኑሮው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው ኑሮው ጥሩ እንደሆነ፣ ጨው ብቻ እንደሚቸግረው ነገራት። ችግር ቢኖር አንድ ነው አለ፤ ከበላዩ ያለው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ጯሂ ጦጣ ነው።

"ከጎህ በፊት ይጀምራል" አለ። "ክፉ አይደለም፤ ግን ድምፁን ስትሰሚው ድንበር የተገፋበት ባላገር ነው የሚመስልሽ። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁበት። ስሎዙን።"

"እሺ፣ ምን ተባለ?"

"እኔ እንጃ። የላክሁት አምና ነው። ገና መንገድ ላይ ነው።"

ትርንጎ ሳቀች። ጀልባው እስኪወዛወዝ፣ ከጎኗ የተቀመጠችው አሮጊት ክንዷን እስክትይዛት፣ የዛፉ ወፎች እስኪነሡ ድረስ ሳቀች። ሊሳንድሮ በጨዋነት ወደ ሌላ ዛፍ እያየ ቆየ።

ስትመለስ አምሳሉ ሰገነቱ ላይ የብረቱን መከታ ይዞ ቆሟል።

"ሳቅሽ እዚህ ድረስ ተሰማ" አለ። "ምን አለሽ?"

የስሎዙን ነገር ነገረችው። አምሳሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"ጥሩ ነው" አለ። "እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።"

በማግሥቱ መርከቧ ገና ከዚያው ወሽመጥ አልተነሣችም። አምሳሉ እኔም ሄጄ ላናግረው አለ። ሊሳንድሮና አንድ መርከበኛ ደግፈው ጀልባው ላይ አስቀመጡት፤ ትርንጎ አብራው ሄደች። ሰውየው ከሩቅ አይቷቸው ኖሮ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ወርዶ ጠበቃቸው። አምሳሉ ከዛፉ ሥር፣ ደረቁ መሬት ላይ አውርዱኝ አለ። አወረዱት።

"እኛ ወደ ኋላ እንበል" አለ ሊሳንድሮ። "አንድ ዓይነት ሁለት ወንዶች ሲገናኙ መሐላቸው መግባት ጥሩ አይደለም።"

ትርንጎ የሚሉትን ልትሰማ አልቻለችም። የዛፉ ሰው እጆቹን እያወናጨፈ ያወራል። አምሳሉ ቀና ብሎ ይሰማል። ቆይቶ ደግሞ አምሳሉ ተናገረ፤ ያኛው እጁን አወረደ። አንድ ጊዜ ሁለቱም ዞረው በአንድ ዓይነት ዓይን ተመለከቷትና መልሰው ዞሩ።

"ምን ተባባላችሁ?" አለችው ሲመለስ።

"ስለ መሬቱ አወራን። ረግረግ ነው። መንገድ አይወጣውም።"

ከምሳ በኋላ ክፍላቸው ገብቶ ጋደም አለ። ትርንጎ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

"ትርንጎ፣ እንደ ትናንትናው ከሳቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"እኔም እንጃ" አለ አምሳሉ፤ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በበነጋው ትርንጎ ስትነቃ አልጋው ባዶ ነበር። ቀድሟት ቁርስ ቦታ የሄደ መሰላት። ወደ ምግብ አዳራሹ ስትገባ ጠረጴዛቸው ላይ የዛፉ ሰው ተቀምጧል። የአምሳሉን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እንቁላል ላይ ጨው እየነሰነሰ ነው።

"እሱስ?" አለች ቆማ።

"በመጀመሪያዋ ጀልባ እኔ ቦታ ሄደ። 'አንተ ጋ ትስቃለች፤ አንተ ሂድ' አለኝ። እምቢ ብለው ዛፉ ሥር ተቀምጦ አልነሣም አለ። እንግዲህ ሰውየውን ታውቂዋለሽ።"

"አሁኑኑ መመለስ አለበት።"

"መርከቧ ከተነሣች ቆየች። ቁርስሽን ብይ።"

ትርንጎ በመስኮቱ አየች። ወሽመጡ የለም፤ የማታውቀው ዳርቻ በዝግታ ያልፋል። ሊሳንድሮ በአዳራሹ በኩል ሲያልፍ መንገደኞቹን በጣቱ ቆጠረ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ወጣ። የጎደለ ሰው አልነበረም። ትርንጎ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ይህን በኋላም ለራሷ አልካደችም።

ያ ቀን ጥሩ ቀን ነበር። ሰውየው ከሁሉም መንገደኛ ጋር ተዋወቀ። ምግብ አብሳዩን አሳቀው። የስሎዙን ጨዋታ በእንግሊዝኛ ለአሮጊቷ ነገራትና እሷም አልቅሳ ሳቀች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ዶልፊኖች ከመርከቧ ጎን ሲዘሉ ትርንጎን በግራ እጁ ያዛት፤ እጁ ሞቃትና ጠንካራ ነበር። ትርንጎ ሐዋሳ ሲገቡ ቤቱ እንደገና በሰው ሲሞላ ታያት። ሐመልማል በስልክ የአባቷን ድምፅ ስትሰማ የምትሆነው ታያት። ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዶልፊኖቹ እስኪርቁ ተመለከቱ።

"እማማስ ደህና ናቸው?" አለ ሰውየው።

ትርንጎ እናቷን የቀበረችው አምና ጥቅምት ላይ ነው።

"አረፈች" አለች።

"ውይ፣ አልሰማሁም እኮ። መቼ?"

"አምና።"

"ነፍስ ይማር" አለ። ራሱ ላይ ያደረገውን የአምሳሉን ባርኔጣ አወለቀ። "እግዜር ያጥናሽ። ደግ ሴት ነበሩ።"

ነገሩ ሁሉ በወጉ ነበር። ዘግይቶ የሰማ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ መንገድ ላይ ሲያገኝ እንደሚለው፣ አንድም ቃል ሳያጓድል ነው ያለው። በእሱ አይፈረድም፤ ያኔ ዛፍ ላይ ነበር።

ትርንጎ ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች። በቀብሩ ቀን አምሳሉ በዚያ እግሩ ወንበር አልፈልግም ብሎ እስከ መጨረሻው ቆሟል። ድንኳን ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሰንብቷል። ለማንም አንድ ቃል አልተናገረም፤ ለእሷም አልተናገረም፤ እሷም በሆዷ ታዝባዋለች። ለቀስተኛው ሁሉ ወጥቶ ባለቀበት ቀን፣ ምግብ አልቀምስም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ሳለች፣ አምሳሉ ሳህን ይዞ ገብቶ አጠገቧ አስቀመጠ። ሳህኑ ላይ የተላጠ ብርቱካን ነበር። ክፋዩ አንድ በአንድ ተለያይቷል፣ ፍሬው ወጥቷል፣ አንዳንዱ ተጨፍልቋል። በአንድ እጅ ብርቱካን ለመላጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ያኔ አላሰበችም። በልታ ተኛች። አመሰግናለሁ እንኳን አላለችውም።

ትርንጎ ከወንበሯ ተነሣች።

"ይቅር በለኝ" አለችው ሰውየውን። "መርከቧን ላስመልስ ልሄድ ነው።"

"ሂጂ" አለ እሱ፤ ባርኔጣውን ገና በእጁ እንደያዘ ነው።

ካፒቴኑ ቆሞ አነጋገራት። መርከብ ለአንድ ሰው ተብሎ አይመለስም፤ ደግሞም የጎደለ ሰው የለም አላት። ሊሳንድሮ ግን ከካፒቴኑ ክፍል ሲወጡ አብሯት ጥቂት ተራመደ።

"ጫካ አዲስ የገባ አንድ ቦታ አይረጋም" አለ። "መርከብ ካየ ዳር ዳሩን ይከተላል። ከወደቡ በፊት አንድ የወንዝ አፍ ላይ እንቆማለን። ቴሌስኮፑን ውሰጂው። ማየት ነው።"

ትርንጎ ማየት ጀመረች። እስከዚያን ቀን ድረስ ሌላው ያገኘውን ነበር የምታየው፤ አሁን ዛፉን ሁሉ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ትፈትሻለች። ባሏን ስትፈልግ ሌላው ሁሉ ተገኘ። ማንም ያላየውን አረንጓዴ እባብ አገኘች። ልጇን ያዘለች ስሎዝ አገኘች። ማንቁሩ ከአካሉ የሚተልቅ ቱካን የሚባል ወፍ አገኘች። ሊሳንድሮ በሥራ ዘመኑ አንዴ ብቻ ያየውን ጃጓር፣ ከነብር የሚገዝፈውን የድመት ዘር፣ ድንጋይ ላይ ተኝቶ አገኘችው። መንገደኞቹ ከኋላዋ ተሰልፈው ያመሰግኗታል፣ ፎቶ ያነሣሉ። እሷ "አይደለም" ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ዛፍ ትዞራለች። ማታ ስትተኛ ሰውየው ሰገነቱ ላይ ወንበር አገናኝቶ አደረ፤ ክፍሉ ግባ አላለችውም፣ እሱም አልጠየቀም።

በማግሥቱ ሰውየው አጠገቧ ቆሞ በባዶ ዓይኑ ይፈልግላት ጀመር። በቅን ልብ ነበር የሚፈልገው።

"ከፍ አድርገሽ ነው የምታይው" አላት። "እኔ ነኝ ከፍ የምወደው። እሱ ይፈራል። ዝቅ አድርጊ፣ ውሃው አጠገብ።"

ዝቅ አደረገች። የወንዙ አፍ ላይ፣ ማንግሮቭ የሚባለው፣ ሥሩን እንደ እግር ከውሃው በላይ አንሥቶ የሚቆመው ዛፍ መሐል፣ አምሳሉ ተቀምጧል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጫማውን በክሩ አስሮ አጠገቡ ሰቅሎታል። በዚያ እግር እዚህ ድረስ እንዴት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም።

"እሱ ነው" አለች ትርንጎ። ሊሳንድሮ ጀልባ አወረደ። ሰውየው ሳይባል ገብቶ ተቀመጠ።

አምሳሉ ሲመጡ እያየ አልተንቀሳቀሰም። አጠገቡ ቅርንጫፉ ላይ ስሎዝ ተንጠልጥሏል።

"ለምን መጣሽ?" አለ።

"ልወስድህ። ውረድ።"

"እኔ እዚህ ደህና ነኝ። ሰላም ነው። ይኼ ሽማግሌም መንገዱ ጠፍቶት አግኝቼው እያሳየሁት ነው።" ስሎዙን በአገጩ አመለከታት። ትርንጎ ቀልድ መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀባት፤ አምሳሉ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረበትም።

"አምሳሉ፣ ውረድ።"

"እሱ ይሻልሻል። አይቻለሁ እኮ። ከእኔ ጋር ስትኖሪ ቤቱ ዝም አለ። እኔ ብዙ ሞከርኩ፤ ጨዋታው አፌ ድረስ ይመጣል፣ አይወጣም።"

"እሱ ጥሩ ሰው ነው" አለች ትርንጎ። ሰውየው አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። "ምንም አልበደለኝም። ግን ትናንት እማማ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።"

አምሳሉ አንዴ ሰውየውን አየው። ከዚያ ጫማውን ከተሰቀለበት አውርዶ አንገቱ ላይ አደረገ፤ ደህናውን እግሩን ወደ ሥሩ ዘረጋ፣ የማይታዘዘውን እግሩን በእጁ አንሥቶ አስከተለ። ሊሳንድሮና ሰውየው ከሁለት ወገን ደግፈው ጀልባው ውስጥ አስገቡት። ትርንጎ ቦታ ለቀቀችለትና አጠገቧ ተቀመጠ። ግራ እጁን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ቀዝቅዟል።

ሰውየው በተራው የዛፉን ሥር ረግጦ ቆመ።

"እንግዲህ" አለ።

ትርንጎ ጀልባው ላይ ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው፣ ደግማም ሳመችው። እንስሳ አይነካም የሚለውን ደንብ የሚያስከብረው ሊሳንድሮ የሞተሩን ገመድ ሲያስተካክል ቆየ። ሁለቱ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

"ሐመልማልን ሳሙልኝ" አለ ሰውየው። "አባትሽ ደህና ነው በሏት። ውሸት አይሆንባችሁም።"

ከዚያ ወጣ። ሲወጣ ቅርንጫፉ እንኳን አልተነቃነቀም።

መርከቧ ላይ ሲመለሱ ሰው ሁሉ ምሳ ገብቶ ነበር። ትርንጎ አምሳሉን ሰገነቱ ላይ አስቀምጣ እግሩን በፎጣ አደረቀችው፣ ጫማውን አደረገችለት።

"ቅርንጫፉ ይቆረቁር ነበር?" አለችው።

"ከባድ ነው" አለ። "ግን ትለምጂዋለሽ።"

"ያን ቀን የላጥህልኝን ብርቱካን አስታወስኩት።"

አምሳሉ አሰበ። "ኮምጣጣ ነበር?"

"ጣፋጭ ነበር።"

"እሺ" አለ። ትርንጎ ይህን "እሺ" ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ አሁን ግን ውስጡ ምን እንዳለ ተሰማት። አጠገቡ ተቀመጠች። የመርከቧ ሞተር ተነሣ፣ መልሕቁ ተጎተተ፣ የወንዙ አፍ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ተደጋግፈው ተነሡና የብረቱን መከታ ይዘው ቆሙ።

ዳርቻው ላይ መጀመሪያ የታየው ነጭ ሸሚዝ ነው። ሰውየው ከዛፉ ወርዶ አሸዋው ላይ ቆሟል። ከኋላው ከጫካው ውስጥ አጋዘኖች ወጡ። የዱር አሳማዎች ወጡ። ልጆቻቸውን ያዘሉ ጦጣዎች በሁለት እግራቸው እየተራመዱ ወጡ። ጃጓሩ ወጣ፤ ከአጋዘኖቹ ጎን ቆመ፣ አጋዘኖቹም አልሸሹትም። ወፎቹ አልበረሩም፤ መሬት ለመሬት ይራመዳሉ። ስሎዞቹ ከሌላው ጋር እኩል ደርሰዋል። ድምፅ የሚያሰማ አንድም አልነበረም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ መርከቧ አድርገው፣ እንግዳ እስከ መንገድ እንደሚሸኝ ቤተሰብ፣ ረጋ ብለው መራመድ ጀመሩ።

ውሃው ጋ ሲደርሱ አልቆሙም።

አምሳሉ መከታው ላይ ጎንበስ አለ።

"በቃ" አለ፤ ቅርብ ላለ ሰው በሚነገር ድምፅ። "ይበቃል፣ ተመለሱ።"

ውሃው ጉልበታቸው ደረሰ፣ ደረታቸው ደረሰ። ጦጣዎቹ ልጆቻቸውን ከጀርባቸው አንሥተው ራሳቸው ላይ አደረጉ። ቆይቶ የሚታየው ጆሮና ቀንድና ማንቁር ብቻ ሆነ፣ መሐል ላይ ደግሞ የሰውየው ጥቁር ፀጉር። ከዚያ እሱም አልታየም። ባሕሩ ለጥ አለ።

ትርንጎ የሊሳንድሮን ቴሌስኮፕ ወደ ውሃው አዞረች። ሰውየውና እንስሳቱ ከሰመጡበት የተነሣ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ቀጭን መስመር ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ መርከቧ ይመጣል።

"እግዜር ያክብራችሁ፣ ተመለሱ እንግዲህ" አለ አምሳሉ።

መርከቧ ፍጥነት ጨመረች። መስመሩም ጨመረ።